ለጀማሪ የሚሆን ሲንተሳይዘር

በ1970ዎቹ መባቻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዴቪድ ቫን ኮቨሪንግ የሚባል ሻጭ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት አንድ አዲስ መሣሪያ መኪናው ላይ ጭኖ ከአንዱ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ወደ ሌላው ይዞር ነበር። ባለመደብሮቹ ጊታር፣ ፒያኖና ድራም የለመዱ ናቸው። ይህኛው ግን ቁልፎቹ የፒያኖ ሆነው ከበላያቸው በማዞሪያ የተሞላ ሰሌዳ ቆሞባቸዋል፤ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ቢጫኑም የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ወደ 1,500 ዶላር ይጠጋል። ብዙዎቹ አንፈልግም አሉት። ቫን ኮቨሪንግ ቀን እምቢ ከተባለበት ከተማ ሳይወጣ ማታ ወደ ምሽት ክበብ ይሄድና መሣሪያውን ለባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ያሳያል። ተጫዋቹ ከወደደው ሁለቱ ተያይዘው ወደ መደብሩ ይመለሳሉ። ባለመደብሩ ገዢውን በዓይኑ ካየ በኋላ እምቢ ለማለት ይቸገራል።

መሣሪያው ሚኒሞግ ነው። ሲንተሳይዘር እንደ ማንኛውም የሙዚቃ ዕቃ በመደብር መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ መሸጥ የጀመረው ከእሱ ወዲህ ነው። ዛሬ ሙዚቃ መሥራት የሚያምረው ወጣት ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ፣ «መጀመሪያ የትኛውን ልግዛ?» የሚለው፣ የተወለደውም ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የሚመረጥ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በፊት በኤሌክትሪክ ድምፅ መፍጠር የፈለገ ሰው መሣሪያ አይገዛም፤ መሣሪያው ወዳለበት ክፍል እንዲገባ ይፈቀድለታል እንጂ። በኒውዮርክ የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከ1957 ጀምሮ የተተከለው የአርሲኤ ኩባንያ ማርክ ሁለት ሲንተሳይዘር ሦስት ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ ግድግዳ ሙሉ ይዞ የቆመ ነው። የሚጫወቱበት ቁልፍ የለውም። አቀናባሪው የሚፈልገውን ኖታ፣ ርዝመትና ጥንካሬ በወረቀት ጥቅል ላይ በቀዳዳ ይመታለታል፣ ማሽኑም ቀዳዳውን እያነበበ ያሰማል። ጀማሪ የሚባል ተጠቃሚ ማንም አላሰበም። እዚያ የሚገባው አስቀድሞ አቀናባሪ የሆነ ሰው ነው።

ከገቡት አንዱ ግብጻዊው ሐሊም ኤል ዳብ ነበር፤ ታሪኩም ከእኛ አገር ጋር ይገናኛል። ኤል ዳብ በ1944 ካይሮ ውስጥ ገና ወጣት ሳለ ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ ተውሶ የሴቶች የዛር ሥነ ሥርዓት ቀረጸ። ከዚያ የቀረጸውን እያስተጋባ፣ የሚፈልገውን እያጎላ ሌላውን እያደበዘዘ፣ ከዛሩ ዜማ ፍጹም አዲስ ነገር አወጣ። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ከቀደምቶቹ ሥራዎች አንዱ የበቀለው እንግዲህ ጎንደርና ወሎም ከሚያውቁት ሥርዓት ነው። ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ በ1959 በኒውዮርኩ ማዕከል ሠራ። በ1962 ደግሞ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። በዓለም ካሉት ጥቂት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አዋቂዎች አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ሲያስተምር ለተማሪዎቹ የሚያሳየው ሲንተሳይዘር በእጁ አልነበረም። በሻንጣ የሚመጣ ሲንተሳይዘር ገና አልተሠራም ነበርና።

ሊሠራ ግን የቀረው ጥቂት ነበር። ኤል ዳብ ኦርኬስትራውን በመሠረተበት በዚያው 1963 መጨረሻ፣ በኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ በተደረገ የሙዚቃ መምህራን ጉባኤ ላይ ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አንዱ ሮበርት ሞግ ይባላል፤ ቴረሚን የተባለውን፣ እጅ ሳይነካው አየር ላይ እያንቀሳቀሱ የሚጫወቱትን መሣሪያ ሠርቶ የሚሸጥ መሐንዲስ ነው። ሌላው ኸርበርት ዶይች የተባለ አቀናባሪና አስተማሪ ነው፤ የሞግን ቴረሚን ገጣጥሞ ተማሪዎቹን ጆሮ ያስለምድበት ነበር። በ1964 በጋ ዶይች ትራማንስበርግ ወደምትባል ትንሽ ከተማ፣ ወደ ሞግ ሥራ ቦታ ሄደና አብረው ተቀመጡ። ዶይች የሚፈልገውን በሙዚቀኛ ቋንቋ ይናገራል፣ ሞግ ያንን ወደ ቮልቴጅ ይለውጠዋል። አንድ ቀን ዶይች ድምፁ እየተነሣ እየሞተ እንዲሄድ፣ ሲጫኑት እንዲጀምር ሲለቁት እንዲያልቅ ፈለገ። ሞግም በአቅራቢያው ካለ ዕቃ ቤት የበር ደወል መጫኛ እንዲገዛ ላከው። ዛሬ በየሲንተሳይዘሩ ላይ ኤንቨሎፕ ተብሎ የሚገኘው ክፍል መነሻው ያች የደወል መጫኛ ናት።

የፒያኖ ቁልፍ ይግጠምበት ወይስ አይግጠምበት የሚለው ቀላል ጥያቄ አልነበረም። በዚያው ዘመን በሳንፍራንሲስኮ ዶን ቡክላ የራሱን ሲንተሳይዘር ሲሠራ የፒያኖውን ቁልፍ ሆን ብሎ ተወው፤ አዲስ መሣሪያ በአሮጌ ልማድ መታሰር የለበትም ብሎ ያምናል። በሐሳብ ደረጃ የቡክላ ክርክር ጠንካራ ነው። ገበያው ግን ለሞግ ፈረደ፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት የፈረደውም ለጀማሪው ሲል ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ከማይታወቅ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ እጁን የሚያሳርፍበት አንድ የሚያውቀው ቦታ ይፈልጋል።

በ1968 ዌንዲ ካርሎስ የባኽን ሙዚቃ በሞግ ሲንተሳይዘር ብቻ ተጫውታ «ስዊችድ ኦን ባኽ» በሚል አልበም አወጣችው። መሣሪያው በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ስለሚያሰማ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ እየቀረጸች መደራረብ ነበረባት። አልበሙ ሦስት የግራሚ ሽልማት አገኘ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። በአንድ ጊዜ ሁሉም ሰው ሲንተሳይዘር ፈለገ። የነበረው ግን እንደ ቁም ሣጥን የገዘፈ፣ በደርዘን የሚቆጠር ገመድ እየሰኩ የሚያስጮኹት፣ ዋጋው ብዙ ሺህ ዶላር የሆነ ዕቃ ነው። ታዋቂዎች ገዙት፤ ብዙዎቹም አላወቁበትም።

ሚኒሞግ የመጣው ከዚህ ችግር ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ ከአለቆች የወጣ አልነበረም። በሞግ ኩባንያ የሚሠራው መሐንዲስ ቢል ሄምሳዝ በ1969 በምሳ ሰዓቱ ከተረፉና ከተጣሉ ክፍሎች አንዲት ትንሽ፣ ገመድ የማያስፈልጋት፣ ይዘዋት የሚሄዱ መሣሪያ ገጣጠመ። ከእሷ ተነሥተው ያሻሻሏት በ1970 ለገበያ ወጣች፤ ምርቷ እስኪቆም ድረስም ከ12,000 በላይ ተሸጠች።

ሚኒሞግን ለጀማሪ ታላቅ መምህር ያደረጋት የሰሌዳዋ አቀማመጥ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ሰሌዳው እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። በግራ በኩል ድምፁን የሚያመነጩት ሦስት ኦሲሌተሮች አሉ፤ እያንዳንዱ የሞገዱን ቅርጽና ከፍታ የሚመርጥበት ማዞሪያ አለው። ቀጥሎ የሦስቱን መጠን የሚደባልቀው ሚክሰር ይመጣል። ከእሱ ቀጥሎ ፊልተሩ ነው፤ ስለታሙን ድምፅ እያጣራ ያለሰልሰዋል፣ ወይም እየከፈተ ያሾለዋል። ከሥሩ ድምፁ በምን ፍጥነት እንደሚነሣና በምን ፍጥነት እንደሚጠፋ የሚወስኑት ኤንቨሎፖች ተቀምጠዋል። በመጨረሻ መውጫው። ለእያንዳንዱ ተግባር አንድ ማዞሪያ፣ ለእያንዳንዱ ማዞሪያ አንድ ተግባር። አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ግማሽ ቀን ሲነካካው ቢውል ድምፅ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚያልፍ በእጁና በጆሮው ይማራል። ከቁልፎቹ በስተግራ ደግሞ ኖታውን ወደ ላይና ወደ ታች የምትስብ ጎማ አለች። ዜማ እያንሸራተተ፣ እያርገበገበ የሚጫወት ሙዚቀኛ ሁሉ፣ የማሲንቆን ጣት የሚያውቅ ሰው ጭምር፣ ያችን ጎማ ሲያገኝ ምን እንደተሰጠው ወዲያው ይገባዋል።

አንድ ጉድለት ግን ነበራት። አታስታውስም። ያገኙትን ግሩም ድምፅ አንድ ማዞሪያ ሲነኩ ያጡታል። ስለዚህ ተጫዋቾች የሰሌዳው ሥዕል የታተመበት ወረቀት ይዘው የእያንዳንዱን ማዞሪያ አቅጣጫ በእርሳስ ይስሉበት ነበር፤ መድረክ ላይ ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲሻገሩ ወረቀቱን እያዩ ማዞሪያውን ይመልሳሉ። አድካሚ ነው፤ ያም ሆኖ የሚስል እጅ የሚስለውን ይማራል።

በ1971 የወጣው አርፕ 2600 ለትምህርት ቤቶች ታስቦ የተሠራ ነበር። ክፍሎቹ ከውስጥ አስቀድመው የተገናኙ ስለሆኑ ጀማሪው ገመድ ሳይነካ መጫወት ይችላል፤ ሲጎብዝ ደግሞ ገመድ እየሰካ ውስጣዊውን መስመር ይቀይረዋል። ሰሌዳው ላይ የድምፁ ጉዞ በመስመር ተስሎበታል። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ዋጋው ግን ለተማሪ ኪስ አልነበረም።

ወሳኙ ለውጥ በ1978 ከካሊፎርኒያ መጣ። ዴቭ ስሚዝ የሠራው ፕሮፌት 5 በአንድ ጊዜ አምስት ኖታ ይጫወታል፤ ከሁሉ በላይ ግን ያስታውሳል። ውስጡ የተገጠመው ማይክሮፕሮሰሰር የማዞሪያዎቹን ቦታ መዝግቦ አንድ መጫኛ ሲነኩት ይመልሰዋል። ወረቀቱና እርሳሱ ቀረ። ባለሙያዎች በደስታ ተቀበሉት፤ ደስታቸውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ማስታወስ የሚችል መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ አስታውሶ ይወጣል። ገዢው ማዞሪያ ሳይነካ ከተዘጋጁት አንዱን መርጦ መጫወት ቻለ። ሲንተሳይዘር የሚገዛ ጀማሪ ከዚያ ወዲህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይቀርቡለት ጀመር፤ አንዱ ድምፅ እንዲሠራ ይጋብዘዋል፣ ሌላው ድምፅ እንዲመርጥ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጃፓኖቹ ሁለቱንም በርካሽ አቀረቡ። ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ1972 የመሠረተው ሮላንድ በ1982 ያወጣው ኤስኤች 101 በባትሪ የሚሠራ፣ አንገት ላይ ሊንጠለጠል የሚችል፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም እንኳ የነበረው መሣሪያ ነው። በ1984 የመጣው ጁኖ 106 ስድስት ኖታ በአንድ ላይ ይጫወታል፤ ለእያንዳንዱ ኖታ አንድ ኦሲሌተር ብቻ ስላለው ሰሌዳው አያደናግርም፤ ተንሸራታቾቹ ከግራ ወደ ቀኝ ተራ በተራ ይነበባሉ፤ 128 ድምፅም ያስታውሳል። ለጀማሪ ከተሠሩት ሁሉ የተሻለውን ምረጥ ቢባል ይህ ጸሐፊ ጁኖን ይመርጣል። ማስታወስንና ማስተማርን ሳያጣላ ያስታረቀ እሱ ነው።

ዓለም ግን በዚያ ሰዓት ሌላ መሣሪያ እየገዛ ነበር።

የያማሃ ዲኤክስ 7 መነሻው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1967 የተደረገ ሙከራ ነው። ጆን ቻውኒንግ የተባለ አቀናባሪ በኮምፒዩተር ድምፅ እያርገበገበ ሲሞክር ማርገብገቡን በጣም ሲያፈጥነው እርግብግቢቱ ከጆሮ ጠፍታ ድምፁ ራሱ ሌላ ድምፅ ሆነ፤ ደወል፣ ናስ፣ እንጨት የሚመስል ድምፅ ወጣ። ኤፍኤም የሚባለው ድምፅ የመፍጠር ዘዴ ይህ ነው። ያማሃ መብቱን ከዩኒቨርሲቲው ወስዶ ዓመታት ከደከመ በኋላ በ1983 ዲኤክስ 7ን በ1,995 ዶላር አወጣው። በአንድ ጊዜ 16 ኖታ ይጫወታል፣ ለእጅ ጥንካሬ ምላሽ ይሰጣል፣ ድምፁ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። ከ150,000 በላይ ተሸጠ። በ1980ዎቹ ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን የሰማ ሰው ሁሉ የእሱን ኤሌክትሪክ ፒያኖ ሰምቷል።

ከሰሌዳው ላይ ግን ማዞሪያዎቹ ጠፍተዋል። ጠፍጣፋ መጫኛዎች፣ አንዲት ጠባብ መስኮት፣ ቁጥር የሚጨምርና የሚቀንስ አንድ ተንሸራታች፤ በቃ። ኦፕሬተር የሚባሉ ስድስት ድምፅ አመንጪዎች በ32 ዓይነት መንገድ ይቀናጃሉ፤ አንዱን ቁጥር በትንሹ ሲነኩት ድምፁ ከመለስለስ ወደ ጩኸት ይዘላል። ሙዚቀኛውን ብራያን ኢኖን የመሰሉ ጥቂቶች ተቀምጠው ተማሩት። የቀረው ሰው ዴቪድ ብሪስቶና ጋሪ ሉንበርገር ለፋብሪካው ያዘጋጁትን ድምፅ እንዳለ ተጫወተው። በዚህ ማንም ሊወቀስ አይገባም፤ ድምፆቹ ግሩም ነበሩ። ሆኖም የሚኒሞግን ሰሌዳ አይቶ ያደገ ትውልድና ዲኤክስ 7ን ገዝቶ የጀመረ ትውልድ ስለ ድምፅ የሚያውቁት እጅግ የተራራቀ ሆነ።

በዚያው 1983 ጥር ሌላ ታላቅ ነገር ሆነ። በአሜሪካ በተደረገው የሙዚቃ ዕቃ አምራቾች ትርዒት ላይ የዴቭ ስሚዝ ፕሮፌት 600 እና የሮላንድ ጁፒተር 6 በአንድ ገመድ ተገናኙ፤ አንዱን ሲጫወቱት ሌላውም አብሮ ጮኸ። ሚዲ የተባለው የጋራ ቋንቋ ሥራ ጀመረ። ስሚዝና ካኬሃሺ ያንን ቋንቋ ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ለቀቁት። ከዚያ በኋላ የጀማሪው የመጀመሪያ ሲንተሳይዘር ብቻውን የሚቀር አልሆነም፤ ነገ ከሚገዛው፣ ከጓደኛው፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር ይገናኛል።

እነዚህ መሣሪያዎች በኢትዮጵያውያን እጅ ምን እንደሆኑ ለማየት ዋሺንግተን ዲሲን ማየት ይበቃል። በ1984 አድማስ የተባለው ቡድን፣ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሄኖክ ተመስገን፣ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታና ዩሱፍ ተስፋዬ ያሉበት፣ «ሰንስ ኦቭ ኢትዮጵያ» የሚል ያለ ዘፋኝ የተሠራ አልበም በራሱ አቅም አሳተመ። ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር፣ ከፈንክና ከሬጌ ጋር ይነጋገሩበታል። ያኔ በጥቂቶች እጅ የቀረው ይህ ሥራ በ2020 እንደገና ታትሞ በብዙ አገር ተደምጧል። አበጋዝ ደግሞ የብዙ ታላላቅ ዘፋኞቻችን አልበሞች አቀናባሪ ሆነ።

ቀጣዩ ዓመት የኃይሉ መርጊያ ነው። ኃይሉ በዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋችነቱ የታወቀ ነው፤ ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል። የሰዓት እላፊው ዘመን ስለነበር ታዳሚው ሌሊቱን ከባንዱ ጋር አሳልፎ ሲነጋ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ዋልያስ በ1981 አሜሪካ ለዝግጅት ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ገብቶ በልጅነቱ የተማረውን አኮርዲዮን አነሣ፤ ከሥሩ የሞግ ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ዲኤክስ 7ና ድራም ማሽን አነጠፈ። «ሸሞንሟናዬ» የሚለው ካሴት እንዲህ ተሠራ። ባንድ የለም፤ የነፋስ መሣሪያ የለም። አንድ ሰው የአንድን ባንድ ቦታ ሸፍኖ ትዝታውን በራሱ እጅ ደራርቦ ይጫወታል። የሚገርመው የመሣሪያዎቹ አመራረጥ ነው፤ ዲኤክስ 7 የሌሎችን ዘፈን ሁሉ አንድ ዓይነት ያስመሰለ ዕቃ ሆኖ ሳለ በኃይሉ ዜማ ሥር ሲገባ ሌላ ቦታ የማይሰማ ነገር ሆኗል። ካሴቱን ከብዙ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ ገዛው፤ በ2013 በድጋሚ አሳተመው። ኃይሉ በእነዚያ የመሃል ዓመታት በዋሺንግተን አካባቢ ታክሲ ያሽከረክር ነበር፤ ኪቦርድ መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመዳል። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

አገር ቤትም በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የካሴቱ ድምፅ ተለወጠ። ሳክስፎኑና ትራምፔቱ የነበሩበትን ቦታ ኪቦርዱ እየያዘ፣ ድራመሩ የነበረበትን ድራም ማሽኑ እየያዘ መጣ። ብዙ አድማጭ ይህን ዘመን እንደ ውድቀት ይቆጥረዋል። የጠፋው ነገር እውነተኛ ነው፤ የሰው ትንፋሽ ጠፍቷል። ግን ስምንት ሙዚቀኛ መክፈል የማይችል ወጣት ዘፋኝ አንድ ኪቦርዲስት ይዞ ካሴት ማውጣት የቻለውም በዚያ ነው። ለብዙዎቹ ኪቦርዲስቶቻችን የመጀመሪያው ሲንተሳይዘር ድምፅ የሚያስመርጠው ዓይነት ነበር፤ የሚያሠራው ዓይነት እምብዛም እጃቸው አልገባም። ይህ እስከ ዛሬ በአቀናባበራችን ላይ ጥላውን እንዳጠላ ይህ ጸሐፊ ያምናል።

ዝግጁ ድምፅ ሁሌ ድካም ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ጃፓናዊቷ ሂሮኮ ኦኩዳ የሙዚቃ ትምህርቷን ስትጨርስ የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በሬጌ ላይ ነበር። በ1980 ካሲዮ ተቀጠረችና ኤምቲ 40 ለተባለች ትንሽ የቤት ኪቦርድ አጃቢ ምት ሠራች፤ «ሮክ» ተብሎ ተሰየመ። ኪቦርዷ ለልጆችና ለጀማሪዎች የምትሸጥ ርካሽ ዕቃ ናት። በ1985 ግን አንዷ ኪንግስተን፣ ጃማይካ ደርሳ ነበርና ዘፋኙ ዌይን ስሚዝና ፕሮዲውሰሩ ኪንግ ጃሚ ያንን ምት ዝግ አድርገው «ስሌንግ ቴንግ»ን አወጡበት። የጃማይካ ሙዚቃ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ዲጂታል ዞረ። አንዲት የሬጌ ወዳጅ ቶኪዮ ውስጥ የሠራችው ምት በአንድ መጫኛ ወደ ሬጌ አገር ተመለሰ።

የሮላንድ ቲቢ 303 ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ብቻውን ለሚለማመድ ጊታር ተጫዋች ቤዝ እንዲያጅብለት ታስቦ ወጣ። ቤዝ ጊታር አይመስልም፤ ኖታ ማስገባቱም አታካች ነው። በ1984 ምርቱ ቆመና ባገለገሉ ዕቃዎች መሸጫዎች በርካሽ ተጣለ። በቺካጎ ፊውቸር የተባሉት ወጣቶች፣ ዲጄ ፒዬር፣ ስፓንኪና ኸርብ ጄ፣ አንዱን አሮጌ ገዙ። እንዴት እንደሚያሠሩት አላወቁም፤ ስለዚህ እየጮኸ ማዞሪያዎቹን ማዞር ጀመሩ። የፊልተሩ ማዞሪያ ሲዞር የወጣው የሚጨማደድ፣ የሚያለቅስ ድምፅ በ1987 «አሲድ ትራክስ» ሆኖ ወጣ፤ አሲድ ሃውስ የሚባለው የሙዚቃ ዓይነት መነሻ ሆነ። መመሪያውን ያላነበበ ጀማሪ መሣሪያው የተሠራበትን ዓላማ ሲስት ያልታሰበ ነገር ያገኘው ማዞሪያ ስለነበረ ነው። ዲኤክስ 7 ላይ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

በ1988 የጃፓኑ ኮርግ ኩባንያ ኤም 1 መጣ። ፒያኖው፣ ኦርጋኑ፣ ድራሙ፣ ቀረጻው ሁሉ በአንድ ሣጥን ውስጥ፤ ሩብ ሚሊዮን ያህል ተሸጧል። ለሚሠራ ሙዚቀኛ ትልቅ እፎይታ ነበር። ድምፅ እንዴት እንደሚሠራ መማር ለሚፈልግ ጀማሪ ግን ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ደረቅ ናቸው፤ አሮጌዎቹን ጁኖና ኤስኤች 101 ፈልጎ ካልገዛ በቀር።

ማዞሪያው የተመለሰው ከስቶክሆልም ነው። ክላቪያ የተባለው ኩባንያ በ1995 ቀይ ቀለም ያለውን ኖርድ ሊድ ሲያወጣ ውስጡ ዲጂታል፣ ሰሌዳው ግን እንደ ድሮው በማዞሪያ የተሞላ ነበር። በ2002 ኮርግ ማይክሮኮርግን አመጣ፤ ትናንሽ ቁልፍ፣ ማይክሮፎን፣ ድምፆቹን በሙዚቃ ዓይነት የሚያስመርጥ ትልቅ ማዞሪያ። ለጀማሪ ግን ውስጡን የሚያስተካክሉት አምስት ማዞሪያዎች እያንዳንዳቸው ብዙ ተግባር ስለሚጋሩ መማሪያነቱ ከመጫወቻነቱ ያንሳል። እንደገና እውነተኛ የጀማሪ ዘመን የመጣው በ2013 ነው። ኮርግ ቮልካ የተባሉትን በባትሪ የሚሠሩ፣ የራሳቸው ድምፅ ማጉያ ያላቸው ትንንሽ ሲንተሳይዘሮች በ150 ዶላር ገደማ፣ ፈረንሳዩ አርቱሪያ ደግሞ ማይክሮብሩትን በ300 ዶላር ገደማ አወጡ። ሁለቱም እውነተኛ የአናሎግ ፊልተር አላቸው፤ ሁለቱም ላይ የሚታየው ማዞሪያ የሚሠራው አንድ ነገር ነው። ሞግ ኩባንያ በ2016 ሚኒሞግን ዳግመኛ ሲሠራት ዋጋዋ 3,499 ዶላር ሆነ፤ በ2020 የወረርሽኙ መጋቢት ላይ ግን የስልክና የታብሌት ቅጂዋን በነጻ ለቀቀ። ቫን ኮቨሪንግ ከመደብር መደብር ሲያዞራት የነበረችው ሰሌዳ እንዲህ ቤቱ ለተዘጋበት ልጅ ሁሉ ደረሰች።

ለኢትዮጵያዊ ጀማሪ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ ብዙ ጊዜ ማንም አይነግረውም። ከፋብሪካ የወጣ ኪቦርድ ሁሉ ኦክታቩን በ12 እኩል እርምጃ ይከፍለዋል። ትዝታና ባቲ የተባሉትን ቅኝቶች በዚህ ላይ ሲጫወቷቸው ጆሮ ይለምዳቸዋል፤ አንቺሆዬ ግን በክራር ወይም በበገና ቅኚ ጆሮ የሚሰማው ቦታ ላይ አይቀመጥም፤ አንዳንዱ ኖታ በቁልፎቹ መካከል ይወድቃል። የመጀመሪያው ዲኤክስ 7 ይህን ማስተካከያ አልነበረውም፤ የተከተለው ዲኤክስ 7 ሁለት ግን እያንዳንዱን ኖታ በጥቃቅን ልክ ማንቀሳቀስ አስቻለ። ኮርግ በ2017 ያወጣው ሞኖሎግ ደግሞ፣ አፌክስ ትዊን በሚል ስም የሚታወቀው ሙዚቀኛ ሪቻርድ ጄምስ አማክሮበት፣ ይህን ችሎታ በ299 ዶላር፣ 25 ቁልፍ ባለው፣ በባትሪ በሚሠራ መሣሪያ ላይ አኖረው። በአንድ ጊዜ የሚጫወተው አንድ ኖታ ብቻ ነው። የእኛ ዜማ ግን ከጥንት ጀምሮ በአንድ መስመር የሚሄድ፣ ጌጡም በማንሸራተትና በማርገብገብ ላይ ያለ ስለሆነ ይህ እጥረት አይሆንበትም። አንድ ጀማሪ የክራር መምህሩን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ክሩ ሲመታ እየሰማ፣ የሞኖሎግን አምስት ኖታዎች አንድ በአንድ ወደዚያ ልክ ማምጣት ይችላል፤ ያገኘውን ቅኝት ሲንተሳይዘሩ ያስቀምጥለታል።